የሥጋ ደዌ በዘር ይወረሳልን?

ስለ ሰውነት ዘበኞችና ስለ ተፈጥሮ ልዩነታቸው ለመምህራንና ለከተማ ነዋሪዎች የተዘጋጀ ትምህርት

በአንድ ቤት የሚኖሩ፣ ከአንድ ገበታ የሚቀርቡና በአንድ ጣራ ሥር የሚያድሩ ሰዎች ለአንድ በሽታ እኩል ተጋልጠው ሳሉ፣ አንዱ ታሞ ሌላው ጤነኛ ሆኖ የሚኖርበት ምክንያት ከጥንት ጀምሮ የሰውን ልጅ ሲያስጨንቅ የኖረ ጥያቄ ነው። ምክንያቱ ባልታወቀበት ዘመን ሰው ሁሉ እንደ ግምቱ መልስ ሲሰጥ ቆይቷል። አንዳንዱ የእርግማን ውጤት ነው አለ፤ አንዳንዱ መቅሠፍት ነው አለ፤ ሌላው ደግሞ «በሽታው በዘራቸው አለ» ብሎ የታመመውን ብቻ ሳይሆን ወንድሙንና እኅቱን፣ ልጁንና የልጅ ልጁን ጭምር ከማኅበሩ ለየ።

ይህ ፍርድ እንደ ሥጋ ደዌ የከበደበት በሽታ የለም። በአገራችን ጋብቻ ሲታሰብ ዘር መቁጠርና የቤተ ሰቡን ታሪክ መጠየቅ የቆየ ልማድ ነው። በዚያን ጊዜ ከአያቶች አንዱ በሥጋ ደዌ ታሞ እንደ ነበረ ከተሰማ፣ ምንም ነውር የሌለባት ልጅ ሳትታጭ ትቀራለች፤ ጤነኛው ወጣትም «ከእነሱ ቤት አንጋባም» ይባላል። ይህን የሚፈራ ቤተ ሰብ የታመመበትን ሰው ይሸሽጋል። የተሸሸገውም ሰው ሕክምና ሳያገኝ በመቆየቱ ጣቶቹን፣ እግሮቹንና የዓይኑን ብርሃን ሊያጣ ይችላል፤ አብረውት የሚኖሩትም ሳያውቁት ለበሽታው ይጋለጣሉ። እንግዲህ የተሳሳተው ሐሳብ ራሱ የበሽታው ረዳት ሆኖ ይሠራል ማለት ነው።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ጥንቃቄን የሚጠይቅ አዲስ ዕውቀት ተገኝቷል። ሊቃውንት ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ የሰውነት መከላከያ ልዩነት እንዳለና ይህም ልዩነት አንዳንዱን ሰው ለሥጋ ደዌ ይበልጥ የተጋለጠ፣ ሌላውን ግን የተጠበቀ እንደሚያደርገው አረጋግጠዋል። ይህን ነገር በግማሹ የሰማ ሰው «እንግዲያውስ የቀድሞ ሰዎች በዘር ነው ማለታቸው እውነት ነበር» ሊል ይችላል። ይህ ግን ከባድ ስሕተት ነው። የዚህም ትምህርት ዓላማ አዲሱ ዕውቀት ምን እንደሚልና ምን እንደማይል ለይቶ ማስረዳት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

1ኛ፤ በኖርዌይ አገር የተደረገው ክርክር

በ19ኛው መቶ ዓመት የሥጋ ደዌ በኖርዌይ አገር፣ ይልቁንም በምዕራቡ የባሕር ዳርቻ በሚኖሩ ድኾች ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች ዘንድ እጅግ የበዛ በሽታ ነበር። በበርገን ከተማ ይሠራ የነበረው ዳንኤል ኮርኔሊየስ ዳንኤልሰን የተባለው ሐኪም ከካርል ቪልሄልም ቦክ ጋር ሆኖ በ1847 ስለዚህ በሽታ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። ዳንኤልሰን በሽታው በአንድ ቤተ ሰብ ውስጥ ተደጋግሞ መታየቱን ተመልክቶ፣ ከወላጅ ወደ ልጅ በዘር የሚወረስ ነው ብሎ አመነ። እምነቱንም ለመፈተን ከሕሙማን ቁስል የተወሰደውን ነገር በራሱና በረዳቶቹ ሰውነት ውስጥ ደጋግሞ አስገባ። ከእነርሱ አንድም የታመመ አልነበረም። ስለዚህ «በሽታው ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ቢሆን ኖሮ እኛ በታመምን ነበር» የሚለው አስተያየቱ ጸና።

በእርሱ ሥር ይሠራ የነበረውና በኋላም ልጁን ያገባው ጌርሃርድ አርማወር ሃንሰን ግን ይህን አስተያየት አልተቀበለም። ሃንሰን በ1873 ከሕሙማን በተወሰደ እብጠት ውስጥ በማይክሮስኮፕ ሲመለከት እንደ ዘንግ ቅርጽ ያላቸው ረቂቅ ባክቴሪያዎችን አገኘ፤ የበሽታውም ምክንያት እነዚህ መሆናቸውን ገለጸ። አንድ ባክቴሪያ ለአንድ ዘላቂ የሰው በሽታ ምክንያት ሆኖ ከታየባቸው ጊዜያት ይህ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። ይህ ባክቴሪያ በሰውነት ውስጥ ራሱን አንድ ጊዜ ለማባዛት ወደ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል፤ እስከ ዛሬም ድረስ በላቦራቶሪ በተዘጋጀ ምግብ ላይ ሊያድግ አልቻለም። ሰው ከተያዘ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ በአማካይ 5 ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። በሽታው በዘር የሚወረስ መስሎ የታየውም በከፊል ከዚህ የተነሣ ነው፤ ልጅ ከወላጁ ጋር ሲኖር ተይዞ ካደገ በኋላ ሲታመም፣ ሰው መያዙን ረስቶ ትውልዱን ይቆጥራልና።

ሃንሰን በ1888 ወደ አሜሪካ ተጓዘ። በዚያ ዘመን ብዙ ኖርዌያውያን አገራቸውን ለቀው በአሜሪካ መካከለኛ ክፍል ሰፍረው ነበር፤ ከመካከላቸውም በሥጋ ደዌ ታመው የሄዱ ይገኙ ነበር። ሃንሰን የእነዚህን ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች እየፈለገ መረመረ። በሽታው በዘር ብቻ የሚወረስ ቢሆን ኖሮ ደም ባሕር ተሻግሮ ስለማይለወጥ፣ በእነርሱም ላይ በታየ ነበር። ነገር ግን ሃንሰን በልጆቹም ሆነ በልጅ ልጆቹ ላይ በሽታውን አላገኘም። በሰፊ ቤት መኖር፣ ለየብቻ መተኛትና የተሻለ ምግብ ማግኘት የትውልዱን ሐረግ ሳይለውጡ የበሽታውን መንገድ ቆረጡት።

ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ቀርቶ ነበር። ዳንኤልሰንና ረዳቶቹ ለምን አልታመሙም? በሌላ በኩል ደግሞ በ1873 ወደ ሃዋይ ደሴቶች፣ ሞሎካይ ወደሚባለው የሕሙማን መኖሪያ ገብቶ ሲያገለግል የኖረው ቤልጅጋዊው ካህን አባ ዳሚያን በሥጋ ደዌ ተይዞ በ1889 ዐርፏል። ሁለቱም ለባክቴሪያው ተጋልጠዋል፤ ነገር ግን ዕጣቸው አንድ አልሆነም። ዛሬ እንደሚታወቀው ከ100 ሰዎች 95 ያህሉ የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ በተፈጥሮ መከላከያቸው የሚያሸንፉ ናቸው። ዳንኤልሰን ያገኘው ውጤት እውነት ነበር፤ የተሳሳተው ትርጓሜው ነው። ሙከራው የገለጠው በሽታው የማይተላለፍ መሆኑን ሳይሆን፣ አብዛኛው ሰው የሚቋቋመው መሆኑን ነው።

2ኛ፤ የሰውነት ዘበኞችና መለያቸው

አብዛኛው ሰው የሚቋቋመው በምን ኃይል ነው? መልሱን ለመረዳት ሰውነት ጠላቱን እንዴት እንደሚያውቅ አስቀድመን እንመልከት።

ሰውነታችን ለዓይን ከማይታዩ እጅግ ብዙ ሴሎች የተሠራ ነው። ከእነዚህ መካከል በደም ውስጥ እየተዘዋወሩ፣ በቆዳ፣ በአፍንጫና በሳንባ ሥር እየጠበቁ፣ የገባውን ባክቴሪያ የሚውጡና የሚያጠፉ አሉ፤ እነዚህን ዘበኞች ብንላቸው ይገባል። በር ላይ የቆመ ዘበኛ የቤቱን ሰው ከእንግዳ፣ እንግዳውንም ከሌባ መለየት አለበት። የሴል ዘበኛ ዓይን ስለሌለው የሚለየው በመዳሰስ ነው። በውጭ ገጹና በውስጡ ልዩ ልዩ ቅርጽ ያላቸው ጥቃቅን የፕሮቲን መሣሪያዎች ተተክለዋል፤ እነዚህም «ተቀባይ» ይባላሉ። ቁልፍ በልኩ ከተሠራው ጓጉንቸር በቀር እንደማይገባ ሁሉ፣ እያንዳንዱ ተቀባይም የሚይዘው ከቅርጹ ጋር የሚስማማውን ነገር ብቻ ነው። ተቀባዩ የባክቴሪያውን ልባስ ቁራጭ በያዘ ጊዜ ሴሉ ይነቃል፤ ሌሎችንም ሴሎች በመልእክት ይጠራል፤ ቦታው ይሞቃል፤ ያብጣል፤ ውጊያውም ይጀመራል።

ከእነዚህ ተቀባዮች መካከል «ቶል» የሚባሉ ወገኖች አሉ። ዡል ሆፍማን የተባለው ሊቅና የሥራ ባልደረቦቹ በ1996 በትንሿ የፍራፍሬ ዝንብ ላይ ባደረጉት ምርምር ቶል የተባለው ተቀባይ ከሌለ ዝንቧ በሻጋታ ተበክላ እንደምትሞት አሳዩ። በ1998 ብሩስ ቦይትለር በአይጥ ላይ የዚህን ዘመድ አግኝቶ፣ የባክቴሪያን መርዝ የሚለየው እርሱ መሆኑን ገለጸ። ሁለቱም ከራልፍ ስታይንማን ጋር በ2011 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። በሰው ላይ 10 ዓይነት የቶል ተቀባዮች አሉ፤ በቁጥርም ይጠራሉ። ቶል 1 እና ቶል 2 እንደ ጥንድ በሬ ተጣምረው ይሠራሉ፤ የሥጋ ደዌና የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያዎች የለበሱትን ስብ መሰል ነገር የሚለዩት እነርሱ ናቸው። በሴሉ ውስጥ ሆኖ የባክቴሪያውን ግድግዳ ስብርባሪ የሚለይ ኖድ 2 የተባለ ሌላ ተቀባይም አለ። ከእነዚህ በቀር ኤች ኤል ኤ የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ፤ ሥራቸው ከተዋጠው ባክቴሪያ የተገኘውን ቁራጭ በሴሉ ገጽ ላይ አውጥቶ፣ ሌባውን ይዞ ለዳኛ እንደሚያቀርብ ሰው፣ ለሌሎች የመከላከያ ሴሎች ማሳየት ነው።

3ኛ፤ የአንድ ፊደል ለውጥ

ተቀባዮቹ እንዴት እንደሚሠሩ የሚያዝዘው ትእዛዝ በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ይህም ጽሑፍ በ4 ፊደላት ብቻ የተጻፈ ሲሆን፣ ከአንድ ወላጅ የሚመጣው ቅጂ 3 ሺህ ሚሊዮን ያህል ፊደላት አሉት። ለአንድ ፕሮቲን ትእዛዝ የሚሰጠው የጽሑፉ ክፍል ጂን ይባላል። ሰው እያንዳንዱን ጂን ሁለት ጊዜ፣ አንዱን ከአባቱ ሌላውን ከእናቱ ይወርሳል።

ቀደም ባለው ዘመን መጽሐፍ በእጅ ይገለበጥ በነበረ ጊዜ ከጸሐፊው ብዕር አንዳንድ ፊደል እየተለወጠ ይወጣ እንደ ነበረ መምህራን ያውቃሉ። የሰውነትም ጽሑፍ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲገለበጥ እንዲሁ ይሆናል። የፊደል ለውጥ ግን ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል አንድ ተማሪ «ጸሐይ» ብሎ ቢጽፈው ፊደሉ ተለውጧል፤ ንባቡና ትርጉሙ ግን አልተለወጠም። «መጣ» የሚለውን ግን «ወጣ» ብሎ ቢጽፈው፣ የተለወጠው አንድ ፊደል ሲሆን ነገሩ በፍጹም ተገለበጠ። በሁለት ሰዎች መካከል ከ1,000 ፊደላት በአማካይ አንዱ ያህል የተለየ ነው። ከእነዚህ ልዩነቶች የሚበዙት እንደ «ፀሐይ» እና እንደ «ጸሐይ» ጉዳት የሌላቸው ናቸው። ጥቂቶቹ ግን የተቀባዩን ቅርጽ፣ ብዛት ወይም ቦታ ይለውጣሉ። ያን ጊዜ ዘበኛው አንድን ጠላት ይበልጥ ሊያውቅ፣ ወይም ሳያውቀው ሊያሳልፈው ይችላል።

4ኛ፤ በሥጋ ደዌ ላይ የተገኘው ማስረጃ

የዘር ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ለመመዘን ከሚጠቅሙት መንገዶች አንዱ የመንትዮች ጥናት ነው። አንዳንድ መንትዮች ከአንድ ፅንስ የተከፈሉ ስለሆኑ ጽሑፋቸው ፍጹም አንድ ነው፤ ሌሎቹ ግን እንደ ማንኛውም ወንድምና እኅት ናቸው። በሕንድ አገር ተደርጎ በ1973 በታተመ ጥናት፣ ጽሑፋቸው አንድ ከሆነው መንትዮች መካከል አንዱ በሥጋ ደዌ በታመመ ጊዜ ሁለተኛውም ታሞ የተገኘው ከ100 በ60 ያህሉ ነበር። በሌሎቹ መንትዮች ግን ከ100 በ20 ብቻ ነበር። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። መጀመሪያ፣ ከወላጅ የሚወረሰው ነገር በእርግጥ ድርሻ አለው። ሁለተኛ፣ በደምና በአጥንት ፍጹም አንድ ከሆኑት ከ100 ጥንዶች በ40 ያህሉ ሁለተኛው መንትያ አልታመመም፤ ስለዚህ ዘር ብቻውን አይወስንም።

በ2009 በቻይና አገር በብዙ ሕሙማንና ጤነኞች ላይ የተደረገ ሰፊ ምርመራ ውጤት ታተመ። የሕሙማኑ ጽሑፍ ከጤነኞቹ ጋር ፊደል በፊደል ሲነጻጸር፣ ልዩነት ከታየባቸው ጂኖች መካከል የኖድ 2 ጂንና የኤች ኤል ኤ ጂኖች ተገኙ። በሌላ አነጋገር የልዩነቱ ምሥጢር የተገኘው ባክቴሪያውን በሚለዩትና ለፍርድ በሚያቀርቡት ዘበኞች ላይ ነው።

ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን በቶል 1 ላይ የተገኘው ነው። የዚህ ፕሮቲን ሰንሰለት 602ኛ ቦታ በአንድ ፊደል ለውጥ ምክንያት በሁለት ዓይነት ይገኛል። በአንደኛው ዓይነት ተቀባዩ ወደ ሴሉ ገጽ ወጥቶ ጥበቃውን ያከናውናል። በሁለተኛው ዓይነት ግን ወደ ገጹ ሳይደርስ በሴሉ ውስጥ ይቀራል፤ ዘበኛው ከበሩ ጠፍቷል እንደ ማለት ነው። እንግዲህ ዘበኛው የጠፋበት ሰው ይበልጥ ይታመማል ብለን እንጠብቅ ይሆናል። በ2007 በቱርክ ሕሙማን፣ በ2010 ደግሞ በሕንድ ሕሙማን ላይ የታተሙት ጥናቶች ያሳዩት ግን ተቃራኒውን ነው፤ ይህ ሁለተኛው ዓይነት ያላቸው ሰዎች በሥጋ ደዌ የሚያዙት በጥቂቱ ነው።

ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል? መልሱ ከበሽታው ጠባይ ጋር የተያያዘ ነው። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ቀዝቀዝ ያለውን የሰውነት ክፍል፣ ይኸውም ቆዳን፣ አፍንጫንና ከቆዳ በታች ያሉትን የእጅና የእግር ነርቮች ይመርጣል። ጉዳቱን የሚያደርሰው ግን ባክቴሪያው ብቻ አይደለም፤ ሰውነት በባክቴሪያው ላይ የሚያነሣው ውጊያም በነርቭ ውስጥ ሲደረግ ነርቩን ይጎዳል። ሌባ ሊይዝ ገብቶ ቤቱን እንደሚያፈርስ ሰው ነው። አንዳንድ ሕሙማን በሕክምና ላይ ሳሉ ወይም ከሕክምና በኋላ ቁስላቸው በድንገት ይቀላል፤ ነርቫቸው ያብጣል፤ እጃቸው ወይም እግራቸው ይዝላል። ይህን ሐኪሞች የመከላከያው ምላሽ ወይም ሪአክሽን ይሉታል። በኔፓል አገር ተደርጎ በ2008 የታተመ ጥናት፣ ያ ከበር የጠፋው የቶል 1 ዓይነት ያላቸው ሕሙማን ይህ ምላሽ የሚደርስባቸው ከሌሎቹ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ ከሥጋ ደዌ ጋር በሚደረገው ውጊያ ኃይለኛ መሆን ሁልጊዜ ጥቅም አይደለም፤ ልክን ማወቅ ይበልጣል።

የአገራችንም ሕሙማን ለዚህ ዕውቀት አስተዋጽኦ አድርገዋል። በዚያው በ2008 ከ400 በላይ በሚሆኑ ኢትዮጵያውያን የሥጋ ደዌ ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት ታትሞ፣ የቶል 1 ጥንድ በሆነው በቶል 2 ጂን ላይ ያለ ልዩነት ይህ የነርቭ ጠንቅ የሚያገኘውንና የማያገኘውን ሰው ከመለየት ጋር ግንኙነት እንዳለው ገልጿል። በአዲስ አበባ በዘነበወርቅ ሠፈር በ1965 የተቋቋመው አለርት ሆስፒታልና ከእርሱ አጠገብ የሚገኘው፣ በሃንሰን ስም የተሰየመው የአርማወር ሃንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት በዚህ በሽታ ጥናት በዓለም የታወቁ ናቸው።

5ኛ፤ መልካምና ክፉ ዘር የሚባል የለም

ከላይ ከተጻፈው አንድ ሰው «እንግዲህ መልካም ጂን ያለው ቤተ ሰብና ክፉ ጂን ያለው ቤተ ሰብ አለ» ብሎ እንዳይደመድም ሁለት ምሳሌዎች እንጨምር።

በ1996 እንደታወቀው ኤች አይ ቪ ወደ ሴል ለመግባት ከሚጠቀምባቸው በሮች አንዱ ሲ ሲ አር 5 የተባለ ተቀባይ ነው። ዘራቸው ከሰሜን አውሮፓ ከሆነ ሰዎች ከ100 አንዱ ያህል ይህ ተቀባይ በሴሎቹ ገጽ ላይ ጨርሶ የለውም፤ በዚህም ምክንያት አብዛኛው የኤች አይ ቪ ዓይነት ሊይዘው አይችልም። ነገር ግን እነዚሁ ሰዎች በትንኝ በሚተላለፈው የምዕራብ ናይል ቫይረስ ሲያዙ ከሌላው ሰው ይበልጥ እንደሚታመሙ በ2006 ተገልጿል። በአንድ በር የዳነ በሌላው ተጎዳ ማለት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ለአገራችን የቀረበ ነው። ቪቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት ቀይ የደም ሴልን የሚወረው ደፊ በሚባለው ተቀባይ በኩል መሆኑ በ1970ዎቹ ዓመታት ታወቀ። በምዕራብ አፍሪቃ የሚኖሩ ሰዎች ሁሉም ለማለት በሚቻል ደረጃ ይህ ተቀባይ በቀይ የደም ሴላቸው ላይ ስለሌለ፣ ቪቫክስ በዚያ ብርቅ ነው። በኢትዮጵያ ግን ተቀባዩ ያላቸውም የሌላቸውም ሰዎች በአንድነት ይኖራሉ፤ በዚህም የተነሣ ቪቫክስ በአገራችን የተለመደ ወባ ሆኗል። ይሁን እንጂ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በኢትዮጵያና በማዳጋስካር ተቀባዩ በሌላቸው ሰዎች ደም ውስጥም ቪቫክስ ተገኝቷል። ስለዚህ የተፈጥሮ መከላከያ አለኝ ብሎ አጎበር መተው ከንቱ ትምክህት ነው።

በቋንቋችን «ዘር» የሚለው ቃል በማሳ የሚዘራውንም፣ የትውልድ ሐረግንም ያመለክታል። የሥጋ ደዌን ነገር በገበሬ ሥራ ብንመስለው፣ ባክቴሪያው የሚዘራው ፍሬ ነው፤ የሰው ሰውነት ማሳው ነው፤ ሕክምና ካላገኘ ሕመምተኛ ጋር በጠባብ ቤት ለብዙ ጊዜ አብሮ መኖር ደግሞ እንደ ዝናሙ ነው። ከወላጅ የሚወረሰው የማሳው ጠባይ ብቻ ነው። ማሳው ምንም ለም ቢሆን ያልተዘራበት እህል አይበቅልበትም። በአሜሪካ የሰፈሩት የኖርዌያውያን ልጆች የመሰከሩት ይህንኑ ነው። ለበሽታው የተጋለጠ ተፈጥሮም በአንድ ቤት ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ በሽታው ፈጽሞ ባልታየባቸው ቤተ ሰቦችም ውስጥ ሳይታወቅ ይኖራል። ስለዚህ ለጋብቻ ዘር ቆጥሮ ከሥጋ ደዌ እድናለሁ የሚል ሰው በማያውቀው ነገር ይፈርዳል።

6ኛ፤ እንግዲህ ምን እናድርግ?

የወረስነውን ጽሑፍ መለወጥ አንችልም፤ ባክቴሪያውን ማጥፋትና መንገዱን መዝጋት ግን እንችላለን። ከ1981 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘዘው ሪፋምፒሲን፣ ዳፕሶንና ክሎፋዚሚን የተባሉትን መድኃኒቶች አጣምሮ መስጠት ነው። ሕክምናው እንደ በሽታው ዓይነት 6 ወይም 12 ወር ይፈጃል፤ መድኃኒቱም ያለ ዋጋ ይሰጣል። ሕመምተኛው መድኃኒቱን ከጀመረ ከጥቂት ቀኖች በኋላ በሽታውን ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም። የመድኃኒቱ ኃይል የሰውን ዘር አይመርጥም፤ የመከላከያ ተፈጥሮው ደካማ የሆነውንም ብርቱ የሆነውንም እኩል ያድናል።

ኢትዮጵያ በ1999 የሕሙማኑን ቁጥር ከ10,000 ሰው ከአንድ በታች አድርሳለች። ቢሆንም በሽታው አልጠፋም፤ በየዓመቱ በሺህ የሚቆጠሩ አዳዲስ ሕሙማን በአገራችን ይገኛሉ፤ በዓለምም በ2023 የተመዘገቡት ከ180,000 በላይ ናቸው። ስለዚህ የሚከተለውን እንድታስተውሉና ለሌላውም እንድታስተምሩ ያስፈልጋል።

ሀ/ በቆዳ ላይ ከቀሪው ሰውነት ቀለሙ የገረጣ ወይም ቀላ ያለ፣ ሲነኩት የማይሰማ ምልክት ቢታይ፣ ወይም እጅና እግር ቢደነዝዝ፣ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። ለምጽ የሚባለው ግን ሌላ ነው፤ እርሱ እንደ ወተት ነጭ ሲሆን የመዳሰስ ስሜቱም አልጠፋም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም።

ለ/ መምህር እንዲህ ያለ ምልክት በተማሪ ላይ ቢያይ በክፍል ጓደኞቹ ፊት መጠየቅም መመርመርም አይገባውም። ወላጆቹን ለብቻ ጠርቶ በርኅራኄ ያስረዳቸው፤ ወደ ሐኪምም ይምራቸው። ሕክምና የጀመረ ልጅ ከትምህርት የሚቀርበት ምክንያት የለም።

ሐ/ ከሕመምተኛው ጋር በአንድ ቤት የሚኖሩ ሁሉ ይመርመሩ። በሽታው ያልታየባቸውን ሰዎች ለመጠበቅ አንድ ጊዜ ብቻ የሚዋጥ ሪፋምፒሲን እንዲሰጥ የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 መክሯል። ለሕፃናት የሚሰጠው የቢ ሲ ጂ ክትባትም ከሳንባ ነቀርሳ ሌላ ለሥጋ ደዌ ጥቂት መከላከያ ይሆናል።

መ/ በሕክምና ላይ ሳለ ወይም ከሕክምና በኋላ ቁስሉ በድንገት የቀላበት፣ ነርቩ ያመመው ወይም እጁና እግሩ የዛለበት ሰው በዚያው ሳምንት ሐኪም ይይ። ይህ የመድኃኒቱ ጥፋት አይደለም፤ ከላይ የተነገረው የመከላከያው ምላሽ ነው። በቶሎ ከታከመ ነርቩ ሊድን ይችላል፤ ከዘገየ ግን ጉዳቱ ይጸናል። መድኃኒቱንም በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አይገባም።

ሠ/ እጁና እግሩ የደነዘዘበት ሰው ቁስልና ቃጠሎ አይሰማውምና በየማታው ይመልከት፤ በንጹሕ ውሃ ይዘፍዝፍ፤ ዘይት ወይም ቫዝሊን ይቀባ፤ ትኩስ ድስት በባዶ እጁ አይንካ፤ የሚመቸውንም ጫማ ያድርግ። ጣት የሚያልቀው በሽታው ስለሚበላው አይደለም፤ ሳይሰማ የቀረ ቁስል ስለሚያመረቅዝ ነው።

ረ/ ሕመምተኛን በበሽታው ስም መጥራት ይቅር። ከጥንት ሲነገር የኖረው ስም የበሽታ ስም ብቻ ሳይሆን ስድብም ሆኗል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ ነገር ግን ሰው በሽታውን የሚደብቀው ሲገልጠው የሚደርስበትን ስለሚያውቅ ነው። እንዲገልጠው የምንፈልግ ከሆነ መሸሸጊያ የሚያስፈልገውን ነውር አስቀድመን እናስወግድ።

ለክፍል ውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ዳንኤልሰን የሕሙማንን ቁስል በራሱ ሰውነት ላይ ሞክሮ ሳይታመም ቀረ። ከዚህ የወሰደው ትርጓሜ ስሕተት የሆነው ለምንድን ነው?

2. ሃንሰን በ1888 በአሜሪካ ያገኘው ውጤት ስለ ዘርና ስለ አኗኗር ምን ያስተምራል?

3. አንዱ የፊደል ለውጥ ትርጉምን የማይለውጥ፣ ሌላው ግን የሚለውጥ የሆነበትን ሦስት ሦስት ምሳሌ ከአማርኛ ቃላት ስጡ፤ ከጂን ለውጥም ጋር አነጻጽሩ።

4. ጽሑፋቸው አንድ ከሆነ መንትዮች መካከል ከ100 በ40 ያህሉ ሁለተኛው አለመታመሙ ምን ያስረዳል?

5. አንድ ሽማግሌ «አያቷ በሥጋ ደዌ ታሞ ነበርና ይህችን ልጅ ለልጃችን አንጠይቃትም» ቢሉ፣ በአክብሮት ምን ብላችሁ ታስረዷቸዋላችሁ?